የአያ ይታየው ሚኒባስና አዲሱ ዘይት

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ያ ወንበር ይወዛወዛል፣ በዚህ በኩል ተቀመጡ። የአያ ይታየውን መኪና ነገር ላውጋችሁ።

አያ ይታየው ከደብረ ታቦር ገሳይ ሰው የሚያመላልስ አሮጌ ሚኒባስ አለው። ቆጣሪዋ አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ደክሞት ቆሟል፤ መኪናዋ ግን መቆሙን አልሰማችም፣ ትሄዳለች።

ልጁ ዓይናለም ዐረብ አገር ሠርታ ተመልሳ፣ የመኪና ጥገና ተምራ፣ ከተማው ውስጥ ጋራዥ ከፍታለች። አንድ ቀን ሲንቴቲክ የሚሉትን ዘይት ይዛ መጣች። ቀጭን ነው፣ በብርድ ጧት ሞተሩን ቶሎ ያዳርሳል፣ ውስጡንም ያጥባል አለችው። አስቀድሞ ግን አሮጌው ዘይት ተንጠፍጥፎ ይውጣ፣ ከሞተሩ ኋላ ዘይት የሚያግደው ጎሚኒም ይታይ ብላ ለመነችው። አያ ይታየው ዘይቱን ወደደ። ጎሚኒውን ግን፣ ያላመመ ጥርስ ማን ይነቅላል ብሎ እምቢ አለ።

እሷ አሮጌውን ዘይት አንጠፍጥፋ፣ ፊልትሮ የሚሉትን የዘይት ማጣሪያ ልትገዛ ወጣ ስትል ደግሞ፣ ከወጣው ጥቁር ዘይት አንድ ጣሳ መልሶ ሞተሩ ውስጥ ጨመረ። ያለ እርሾ የተነሣ ሊጥ አይቶ አያውቅማ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ነበር። ሞተሩ እንደ ድመት እያንኮራፋ ሲሄድ፣ አያ ይታየው በየፌርማታው ሳይጠየቅ ስለ ዘይት ያስተምር ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት መናኸሪያው መሬት ላይ ጠብታ ታየ። ከዚያ ሌላ ጠብታ። ተራ አስከባሪው ሞላ መጥቶ አየና ቁርጡን ነገረው፤ በሦስት ቀን ካልደረቀች ተራዋ ለሌላ መኪና ይሰጣል። አያ ይታየው ደግሞ ከዚያች ተራ በቀር መተዳደሪያ የለውም።

ይኼን ጊዜ የመናኸሪያው ሰው ሁሉ መካኒክ ሆነ። አንዱ ዘይቱ የቆላ ነው፣ ደጋ አይስማማውም አለ። ሌላው፣ ዘይት ተሸክሞ እንኳ የማያውቅ፣ የቀጠነ ነገር ሁሉ እንደሚሾልክ አስረዳ። ነገሩ ለሽማግሎች ቀረበ። አያ ይሻው፣ ትልቁ ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፦

«ለሽማግሌ ኮረዳ መዳር ነው ይኼ። ጥፋቱ የዘይቱ ነው። ይውጣና ጥቁሩ ይመለስ» ብለው ፈረዱ።

ከሽማግሎቹ ጎንበስ ብሎ ከመኪናዋ ሥር ያየ አልነበረም። ጎንበስ ማለት ለነጭ ጋቢም ለክብርም አይበጅም።

አያ ይታየው ፍርዱን ይዞ ደስ እያለው ጋራዥ ደረሰ። ሚኒባሷ ቀድማ ገብታ ነበር፤ ዓይናለም የጠብታውን ምንጭ ልታይ ካምቢዮ የሚሉትን የማርሽ ሳጥን አውርዳ፣ ከሥሯ ተንጋልላለች። ፍርዱን ሰማችና፣ «አባየ፣ እስቲ ወዲህ ይግቡ» አለችው። ጋቢውን አውልቆ፣ እያቃሰተ ገባ። በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ጎሚኒውን አሳየችው። እንደ ደረቀ ጠፍር ተሰነጣጥቋል።

«ዘይቱ አልቀደደውም። የስንት ዓመት ዝቃጭ ተጋግሮ ስንጥቁን ደፍኖት ነበር። አዲሱ አጠበውና ታየ።»

«እንግዲያ ቆሻሻው ነበር ሲያኖረን የከረመው?»

«ሽማግሎቹስ እሱ ይመለስ ብለው አይደል የፈረዱ።»

ከዚያ ከሥር ወጥታ የዘይት መለኪያውን መዛ አየችው። ገና በሁለት ሳምንቱ ጠቁሯል። ማን ምን ጨመረበት ብላ ብትጠይቀው፣ አያ ይታየው ጣራ ጣራ እያየ ስለ እርሾው ተናዘዘ። ልጅቱ አልተቆጣችም። መለኪያውን በጨርቅ ጠርጋ መለሰችና፣ «እንኳን ጌሾ አልጨመሩበት» አለች።

ያን ለት አያ ይታየው መረጠ። የሽማግሌ ፍርድ መጣስ በአገራችን ቀላል አይደለም፤ እሱ ግን ቀደድ ያለውን ጎሚኒ በዓይኑ አይቷል። ቀይሪው አላት። ጎሚኒውን ቀይራ፣ ካምቢዮውን መልሳ፣ ሞተሩን አንጠፍጥፋ ያንኑ ዓይነት አዲስ ዘይት ሞላችው። ቶሎ ቶሎ ዘይቱን እንዲያይም አስማለችው።

በሦስተኛው ቀን ሞላ ከመኪናዋ ሥር ካርቶን ዘረጋ። ከጧት እስከ ቀትር ጠበቁ፤ ካርቶኑ ደረቅ ነው። ተራዋም በእጁ ቀረችለት። አያ ይሻው ይኼን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ዘይቱ ፍርዱን ፈርቶ አደብ ገዛ አሉ። መናኸሪያውም አመናቸው። አያ ይታየው ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ታላቅ ናቸውና መልሶ ዘጋው።

እስከ ዛሬ እዚያ መናኸሪያ ይህ ሲወራ የሽማግሎቹ ስም ነው የሚነሣ። እናንተ ግን፣ ልጆቼ፣ አደራችሁን፣ ወሬው በተነሣ ቁጥር የዓይናለምን ስም አስታውሱልኝ።