አሥር ቀን እርከን

በ1995 ዓ.ም. በሰቆጣ በኩል ባለችው ዝቋላ ወረዳ ውስጥ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሰው ተቆጣጣሪ ከሌለው የጎረቤቱን ድርሻ ከመብላት አይመለስም ብዬ አምን ነበር።

ከቀበሌው በላይ ከሰውም ከከብትም የተከለለ ተራራ አለ። እዚያ ሣር ያጨደ ወይም ከብት ያስገባ አሥር ቀን እርከን ይሠራል። ደንቡን ያወጣው ራሱ ሕዝቡ ነው፤ ስሪት ይሉታል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። አንድ ቀን የተራራው ጠባቂ ቅጣው፣ ብርሃነሽ የምትባል ባሏ የሞተባትን ሴት ከነሣር ሸክሟ ይዞ አመጣት። ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅታ የምታሳርሰው አንድ በሬ ብቻ ነበራት፤ እሱም በረሃብ ከወደቀ ሁለት ቀን ሆኖታል።

ሕዝቡ ሲሰበሰብ ብዙዎቹ «ትማር» አሉ። ሊቀመንበሩ ቢያዝን ግን፣ «ዛሬ እሷን ከማርን ነገ ማንን ልንከለክል ነው?» አለ።

ብርሃነሽ ተነሣች። «እውነቱን ነው። ብትምሩኝ ነገ ሁላችሁም ማጭድ ይዛችሁ ትወጣላችሁ፤ እኔም መልሼ እወጣለሁ። ቅጡኝ። በሬዬ ግን እየሞተ ነው፤ እሱንም እወቁልኝ።»

ተቀጣች። በማግስቱ ቅጣው አንድ ሸክም የማሽላ አገዳ ደጇ ላይ ጣለላት። ሌሎችም አመጡ፤ ክምር ያላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ግን እንዳላዩ አለፉ። በሬው በአራተኛው ቀን ተነሥቶ ቆመ። እሷም አሥር ቀኗን ሳታጓድል ጨረሰች።

ከወር በኋላ ቅጣው ተጨንቆ ወደ እኔ መጣ። «የሊቀመንበሩ በቅሎ ሁለት ቀን ተራራው ላይ ስትግጥ አገኘኋት። ለማን አቤት ልበል?»

የሥራ ሪፖርቴን የሚፈርመው ቢያዝን ነበር። «እናየዋለን» ብዬ ሸኘሁት።

ቅጣው ለብርሃነሽ ነገራት። በሚቀጥለው ስብሰባ ብድግ ብላ፣ «ቢያዝን፣ በቅሎህ ተራራው ላይ ገብታለች ወይ?» አለችው።

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ቢያዝን ሊክድ ይችል ነበር፤ ቅጣው ፈሪ መሆኑን ያውቃል።

«ገብታለች» አለ። «ሚስቴ ምህረት መውለጃዋ ደርሷል፤ ሁለቱን የፊተኞቹን በምጥ አጥተናል። ሰቆጣ ሆስፒታል ላደርሳት ነበር፤ በቅሎዋ ግን በረሃብ ደክማ ሰው መሸከም አቃታት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«ከልካዩ እኔ ሆኜ ምን ብዬ ልንገራችሁ?»

ብርሃነሽ ፊት ላይ የነበረው ቁጣ ሲበርድ አየሁ። «መጀመሪያ ሚስትህን አድርስ» አለችው። «ከእኔ ዘንድ አገዳ ተርፏል፤ ለበቅሎዋ ውሰድ። ስትመለስ ግን አሥር ቀን ነው።»

«አሥር ቀን ነው» አለ ቢያዝን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚስቱንና አንዲት ሕፃን ልጅ ይዞ ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይጠራው እርከኑ ላይ ተገኘ። እጁ ድንጋይ አልለመደም፤ የካበው ከቀትር በፊት ሁለት ጊዜ ተናደበት። ብርሃነሽ እንስራዋን አዝላ ከምንጭ ስትመለስ አየችውና እንስራውን አወረደች።

«ጠፍጣፋውን ከሥር አድርገው» አለች፤ ቁጢጥ ብላም ታሳየው ጀመር። «ልጅቷንስ ማን አላችኋት?»

«ገና ስም አላወጣንላትም» አለ ቢያዝን፣ ድንጋዩን እየገፋላት።