ስድብ የቀረባቸው ኃላፊ

ጓደኞቹ «እሳቱ» ይሉታል፤ ስሙን ያወጣው ግን እሱው ራሱ ነው። ከትልልቆቹ ቲያትር ቤቶች ጀርባ በየዓመቱ በሚደረገው የትንንሽ መድረኮች ፌስቲቫል ላይ የአንድ የቤት ዕቃ መደብር ምድር ቤት ተከራይቶ፣ ባልተሸጡ ሶፋዎች ላይ የተቀመጡ ሰባት ስምንት ሰዎችን «እናንተ ፈሪዎች!» እያለ ይሰድብ ነበር። መብራት የምትይዝለትና በር ላይ ትኬት የምትቆርጥለት ታላቅ እህቱ ናት። ሥራዋ ፀጉር መሥራት ነው፤ ለእሱ ስትል ሳሎኗን ዘግታ መጥታለች።

ችግሩ ማንም አለመቀየሙ ነበር። ተመልካቹ ተሰድቦ፣ አጨብጭቦ፣ ጀርባውን መታ መታ አድርጎት ይወጣል። ፊት ለፊት ካለው ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ዱቄት ላይ እየተንከባለለ የሚጮህ ተዋናይ ነበር። እሱን ባህል ቢሮ ገና በሁለተኛው ቀን አገደው። ዕድሉ ተከፈተለት፤ ሰው ተሰልፎ የታሸገውን በር ፎቶ ያነሳ ጀመር።

እሳቱ በቅናት አረረ።

«ስሚ፣ ደውይና ክሰሺኝ» አላት እህቱን።

«ለማን?»

«ለባህል ቢሮ። ኃላፊውን ይዘልፋል በይ። ድምፅሽን ቀይሪ።»

«ስለ ኃላፊው የምትለው እኮ ያን ያህል አይደለም።»

«እጨምርበታለሁ!»

ደወለች። ድምፅዋን አቅጥና፣ ወንድሟ ከጎኗ በጣቱ «ጨምሪ፣ ጨምሪ» እያላት፣ አፏ ላይ የመጣላትን ነውር ሁሉ ቆለለችበት። ስልኩን ያነሳችው ጸሐፊ በጥሞና ሰምታ «ትርዒቱ ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ራሳቸው ከተፍ አሉ። ከባለቤታቸው ጋር ፊተኛው ሶፋ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። እሳቱ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቆ ሲያያቸው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«እሰይ! የፈለግከው መጣልህ» አለችው እህቱ።

«ዝም በይ እስቲ፣ መብራቱን አብሪ።»

ወጣ። ስለ ኃላፊው ግን ትንፍሽ አላለም። ይልቁንስ ወደ እህቱ ዞረ፦ ባል ስለ ማጣቷ፣ ፀጉር ስትሠራ ስለምትጠርቀው ወሬ፣ ስለ ማንኮራፋቷ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። መብራቱን ላጥፋበት ብላ እጇን ሰደደች፤ ወዲያው ሐሳቧን ቀየረችና ብርሃኑን ቀስ አድርጋ ከፊቱ ወደ ታች አወረደችው፤ የሚብረከረከው ጉልበቱ ላይ። ያኔ ሳቁ እጥፍ ሆነ። እሱ ሰው የሳቀው በማንኮራፋቷ ቀልድ መስሎት ደገመው።

ሲያልቅ ኃላፊው ወደ መድረኩ ጠጋ አሉ።

«ግሩም ነው ልጄ። የኔስ?»

«ምኑ… ጌታዬ?»

«ሰደበህ ብለውኝ እኮ ነው የመጣሁት! የውሃ ቢሮውን ኃላፊ አንዱ ቀልደኛ ዘልፎት፣ ይኸው በየስብሰባው ‹ሕዝብ ያውቀኛል› እያለ ደረቱን ይነፋብናል። እኔ ከሱ ምን አንሼ ነው?»

«ለጎረቤቱ ሁሉ ‹ዛሬ ይሰደባል› ብዬ ነግሬ ነው የወጣሁት» አሉ ባለቤታቸው ቅር ብሏቸው።

እሳቱ እዚያው ይቅርታ ጠየቀ። ኃላፊው ደግ ሰው ናቸው፤ በቢሮው የሠራተኞች ግብዣ ላይ እንዲሰድባቸው ጠሩት። ስድቡን አስቀድሞ ለምክትላቸው አሰማ።

«ሆዳቸው ይቻላል፣ መላጣቸውም ይቻላል» አለው ምክትሉ። «ሥራቸውን ግን ተወው።»

ተወው። ከዚያ ወዲያ ከቢሮ ቢሮ ይጠሩት ጀመር፤ አዲስ ልብስ ለበሰ። አንድ ቀን ወደ እህቱ ሳሎን ሄዶ መስታወቱ ፊት ተቀመጠና መብራት እንድትይዝለት ጠየቃት።

«የቢሮ አዳራሽ የጣሪያ መብራት ይበቃዋል» አለችው የደንበኛዋን ፀጉር እየጠቀለለች።

«አንቺ አልገባሽም! አሁን እኮ ፊት ለፊታቸው ነው የምሰድባቸው!»

«ምን ብለህ?»

«መላጣ ብዬ!»

ደንበኛዋ ሳቋን ለማፈን የውሸት ሳል ሳለች። እህቱ ግን አልሳቀችም። ፎጣዋን አራግፋ፣

«ጎሽ። በል አሁን ከወንበሩ ተነሣልኝ፤ ተራ የሚጠብቁ አሉ» አለችው።