የሽማግሌ ቃል

ከሥራ የተባረረ ሰው ሽማግሌ ሆኖ መሄድ አልነበረበትም። ይህን የምለው ዛሬ ነው። ያኔ መባረሬን ማንም አያውቅም ነበር፤ ባለቤቴ ወርቅነሽ እንኳ።

ጅቡቲ ወደብ ላይ፣ አንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት የጉምሩክ ሰነድ ሠርቻለሁ። አዲስ አበባ የሚገባ ዕቃ በእኔ በጸሐዬ እጅ ሳያልፍ አይገባም እያልኩ ስኮፈስ ኖርኩ። ከዚያ ድርጅቱ ተሸጠ፣ ሥራው በኮምፒውተር ሆነ፣ አንድ ቀን ጧት በፈረንሳይኛ የተጻፈ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ሰጡኝ። አንብቤ "ሜርሲ" ብዬ አመሰገንኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ ሜርሲ ነው።

ለወርቅነሽ መናገር አቃተኝ። በየጧቱ ሸሚዜን ትተኩስልኛለች፣ እኔም እንደ ወትሮው እወጣለሁ። ሄሮን የሚባለው ሰፈር ሄጄ ባሕሩ ዳር የግንብ ጥላ ፈልጌ እቀመጣለሁ፤ ያውም በሐምሌ ሙቀት! ሰባት ሰዓት ላይ፣ ቢሮ ተዘግቶ ከተማው ሁሉ ጫት ደረሰ ብሎ ሲሯሯጥ፣ ሥራ እንደ ዋለ ሰው ደክሞኝ እመለሳለሁ። ድካሙ እንኳ እውነት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ልደቱ መጣ። አባቱ የሞተበት፣ እኛው ደጅ ያደገ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። የአቶ ሽብሩን ልጅ ቀጸላን ወዷል።

"ጋሼ፣ እርስዎ ሽማግሌ ሆነው ይጠይቁልኝ" አለኝ።

ሰበብ ፈልጌ እምቢ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ከረባት አሰርኩ።

ዓርብ ዕለት ሁለት የዕድር ሰዎች አስከትዬ ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር፣ አቶ ሽብሩ ቤት ሄድን። አቶ ሽብሩ ሾፌር አልፈለጉም።

"ዛሬ ገላፊ፣ ነገ ሞጆ። ቤቱ የማያድር ባል ምን ያደርግላታል?" አሉ።

ከሁሉም በላይ ዝም ማለት የነበረብኝ እኔ፣ "እኛ ቢሮ አስገባዋለሁ" አልኩ።

የአቶ ሽብሩ ፊት በራ። "እንግዲያው ልጁን ሳይሆን ሽማግሌውን አይቼ ነው የምሰጠው" ብለው ተነሥተው ጨበጡኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔ ግን፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት። ለአንድ ቀን እንደገና የቢሮ ሰው ሆንኩ።

እሑድ፣ ጅቡቲ የሳምንቱ ሥራ የሚጀመርበት ቀን ነውና፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት፣ ልደቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በራችን ላይ ቆሟል።

"ጋሼ፣ መኪናውን አስረክቤ መጣሁ። ባለንብረቱ 'ከሄድክ አትመለስ' ቢለኝ፣ 'አልመለስም' አልኩት።"

ወርቅነሽ እልል አለች። እኔ የተኮሰችልኝን ሸሚዝ ለበስኩ። አብረን ወጣን።

መንገድ ላይ ስለ አለቃው ጠባይ ይጠይቀኛል፤ እኔ ለሌለሁበት ቢሮ መልስ እሰጣለሁ። ወደቡ በር ልንደርስ ስንል ቆምኩ።

"ልደቱ፣ ተባርሬያለሁ። ወር ሊሆነኝ ነው" አልኩት። ደብዳቤውንም፣ ሄሮንንም፣ ወርቅነሽን መዋሸቴንም ሁሉንም ነገርኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እስኪሰድበኝ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን በላብ የራሰውን ሸሚዜን አየና፣ "በዚህ ሙቀት ይህን ሁሉ ቀን ብቻዎን ነው የሚውሉት?" አለኝ።

እዚያው፣ የወደብ ሠራተኛ ሁሉ እያየኝ፣ አለቀስኩ።

"አሁኑኑ ሄጄ ለአቶ ሽብሩ እነግራቸዋለሁ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም" አልኩት።

"እሱ ይደርሳል፣ ጋሼ። መጀመሪያ ለእትዬ ወርቅነሽ ይንገሩ።"

ሥራውን ያሳጣሁት ልጅ ክንዴን ይዞ ወደ ቤቴ አዞረኝ፤ እንደማመልጥ አውቆ ነው መሰለኝ፣ ወርቅነሽ በሩን እስክትከፍት አልለቀቀኝም።