ዘመድ የሌላት ሲሃም

ዳታቤዙን የሠራሁት እኔ ነኝ። ኮሌጅ አልገባሁም፤ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ መብራት በመጣ ቁጥር እየሞከርኩ ተማርኩት። ዱሮ ቢቸና ባለው የመሬት ቢሯችን ባለጉዳይ የሚያውቀውን ባለሙያ ፈልጎ ይገባ ነበር፤ ሰው የማያውቅ በር ላይ ይውላል። አሁን ፋይል ሲመጣ እኔ እመዘግባለሁ፣ ዳታቤዙ ሥራ ለቀለለው ባለሙያ ይመድባል። ይህን ሰምተው ነው የሞጣ መሬት ቢሮ ሰዎች ዛሬ ሊያዩት የሚመጡት። አለቃችን አቶ ወንደሰን ከማለዳ ጀምሮ ከረባታቸውን ሲያስተካክሉ አረፈዱ።

ሲሃም ግን ጠረጴዛዬ ላይ የፋይል ቁልል አስቀምጣ ቆመች። የሞጣ ነጋዴ ልጅ ናት፤ እዚህ ባለሙያ ሆና ከተመደበች ዓመት አልሞላትም።

"መክሊት፣ ከሰዓት ምዘና አለብኝ። ይህን አልጨረስሽም ተብዬ ማስጠንቀቂያ ልወስድ ነው።"

"ቶሎ ቶሎ ሥሪያ።"

"ሁሉም የድንበር ክርክር፣ ሁሉም ቆላ ወርዶ የሚለካ። ለምን ለእኔ ብቻ?"

"የእኔ ዳታቤዝ አያዳላም፣ እህቴ።"

"ይሁንልሽ" ብላ ቁልሉን ትታልኝ ሄደች።

ላሳፍራት ዳታቤዙን ከፈትኩት። ያፈርኩት እኔ ነኝ። ፋይሎቹ መጀመሪያ የደረሱት ለሌሎች ነበር፤ ሌሎቹ "ዘመድ" የምትለዋን ቁልፍ እየነኩ ገፍተዋቸዋል። ባለሙያ የዘመዱን ጉዳይ እንዳይዝ ብዬ ያስገባኋት ቁልፍ ናት፤ ስትነካ ፋይሉ የሥራ ብዛት ሳይታይ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። አንጋፋው ባለሙያችን ጋሽ የኔሰው ከተማ ውስጥ የሚለካ ቦታ ሲደርሳቸው ዘመድ የላቸውም፤ ቆላ ሲመጣ ግን አገሩ በሙሉ አጎታቸው ነው። የቀሩትም ከእሳቸው ተምረዋል። ፋይሉ እየተገፋ እየተገፋ በቢቸና ምድር አንድ ዘመድ የሌላት ልጅ እጅ ላይ ያርፋል።

ዝም ብል ማን ያውቃል? የሞጣዎቹ አድንቀው ይሄዳሉ። ዲግሪ የላትም እያሉ የሚያሽሟጥጡኝም ዛሬ አፋቸውን ይይዛሉ። ግቢው ውስጥ መኪና ቆመ። ዳታቤዙ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ በዘመድ ሰበብ ፋይል የሚገፋ ሰው፣ በምትኩ ከተቀባዩ ፋይሎች አንዱን ይወስዳል። ሳልሞክረው እንግዶቹ ገቡ።

"እስቲ አሳዪን" አሉ የሞጣው እንግዳ፣ አቶ ይታገስ።

አዲስ የድንበር ፋይል መዘገብኩ። ለጋሽ የኔሰው ደረሰ።

"ይሄ የአክስቴ ልጅ ነው" አሉና ቁልፏን ነኩ። ፋይሉ ወደ ሲሃም ሄደ፤ ከሲሃም ሌላ ወደ እሳቸው መጣ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ምትክ ነው፣ ጋሼ።"

"ይሄም ዘመዴ ነው።" ነኩ። ሌላ መጣ። እሱንም ነኩ። ሌላ መጣ።

አቶ ይታገስ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጋሽ የኔሰው፣ ሠርግ ሲደግሱ ይህን ሁሉ ዘመድ የት ያስቀምጡታል?"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጋሽ የኔሰው አልሳቁም፤ እጃቸውን ከቁልፏ ላይ አነሱ።

"ትናንት ይህ አልነበረም" አሉ አቶ ወንደሰን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ማን አስገቢ አለሽ?"

"ማንም። ትናንት ሁሉንም ሲሃም ነበረች የምትሸከመው፤ ይኸው ይዩት።" ማያውን ወደ እሳቸው አዞርኩ።

ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

"ሲሃም፣ ፋይሉ እንደገና እስኪደለደል ምዘናሽ ይቆይ" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "የአንቺን ግን ዛሬ ከሰዓት እናየዋለን።"

ሲሃም ቁልሏን ልትወስድ መጣች። አሁን የደረሷቸውን ሦስቱን አንስታ ጋሽ የኔሰው ፊት አስቀመጠች፤ የቀረውን አቀፈች።

"ምሳ አብረን እንብላ" አለችኝ።

እሺ አልኳት። ከሰዓት ግን የምመዘነው እኔ ነኝ።