አንድ በር ለስምንት ሰው

ባጃጁ ገና ሳይቆም ኦጁሉ ወረደ። አባንግ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ልትከተለው ስትል ሾፌሩ ከኋላዋ ጮኸ፦ "እህት፣ ሂሳብ!" እጇ ላይ የነበረውን ብር ወንበሩ ላይ ጥላለት ሮጠች። የኒውላንድ ሰፈር ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል። ኦጁሉ ሁለት መዳፉን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ወታደር ይራመዳል።

"ሙዚቃውን ቀንስ ብዬው ነበር እኮ!" አለች ስትደርስበት።

"ቀነሰው። ከዚያ መልሶ ጨመረው።"

"ታዲያ ሰው ከሚሄድ ባጃጅ ይዘላል?"

"አይሄድም ነበር። ሊቆም ነበር።"

"አርፍደናል፣ ኦጁሉ! ሁሉም የሚጠብቁት እኛን ነው።"

"እኔን ማንም አይጠብቅም። አንቺን ነው።"

ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ወንድሟ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቤት ተቀምጦ ሞባይል ይጠግናል፤ የሰው ዓይን አያይም፣ እጅ አይጨብጥም፣ ያልወደደውን ነገር ወደድኩ አይልም። ለዚህ ሁሉ ሰው የየራሱን ስም ሰጥቶት ኖሯል። ጎረቤት "ኩራተኛ" ይለዋል፤ ገጠር ጎግ ያሉት አጎቶቹ "የሆነ ሰው መተት ሠርቶበት ነው" ይላሉ፤ ቸርች ደግሞ አንድ ጊዜ አሥር እጅ ጭነው ስለጸለዩለት ከዚያ ወዲህ እሁድ ከቤት አይወጣም። አስፐርገር የሚባለውን፣ የኦቲዝም ዓይነት የሆነውን ተፈጥሮ ስም የሰሙት ከጅማ ለሥራ የመጣ ሐኪም አነጋግሮት ነው።

አባንግ ነርስ ናት። ስሙን ከሰማች በኋላ ለክትባት በየቤቱ ስትዞር እሱን የሚመስሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገቡ ሰዎች ዓይኗ ውስጥ ይገቡ ጀመር። ሐኪሙ ዳግም ሲመጣ አሳየችው። ስምንት ቤተሰብ ተሰበሰበ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ። ለስምንቱ የሚሆን መኖሪያ እንዲሠራ ማዘጋጃ ቤቱ ከባሮ ዳርቻ ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ እስኪፈቅድ ድረስም አባንግ የቢሮው ወንበር ላይ ተተክላ አልነሳም አለች። ቦታው ተፈቀደ፤ ግን ክረምት ሳይገባ ግንባታ ካልተጀመረ ይነጠቃል። እሷ ደግሞ በመስከረም ለሁለተኛ ዲግሪ ጅማ ትሄዳለች። ቤቱ ካልቆመ ኦጁሉን ለማን ጥላው ትሄዳለች? ከእናታቸው ሞት ወዲህ ያለ እሷ ማን አለው?

ቦታው ላይ ሲደርሱ ፎርማኑ ወንዳፍራሽ ችካሉን ቸክሎ ገመዱን ወጥሯል። የኮሚቴው ሊቀመንበር ወይዘሮ አበዛሽ ማንጎ ጥላ ሥር ትልቅ ትሪ ዘርግተዋል። በወጣትነታቸው ከደጋ ለማስተማር መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ልጃቸው ዘርአብሩክ ከስምንቱ አንዱ ነው።

"አባንግዬ፣ ነይ እይው!" አሉ በእጃቸው አየሩን እየቆረጡ። "ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ድረስ አዳራሽ! አልጋ በግራ በቀኝ፣ ገበታው መሃል። ማንም ብቻውን አይበላ፣ ማንም ብቻውን አይተኛ!"

"በጣም ያምራል፣ ወይዘሮ አበዛሽ፤" አለች አባንግ። ልቧ ጅማ ነበር። ቢያምርም ባያምርም ቶሎ ይሠራ እንጂ!

ኦጁሉ ገመዱን ተከትሎ አንዴ ዞረው። ወንዳፍራሽ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

"በሩ የት ነው?"

"ይኸውልህ ወንድሜ። ባለ ሁለት ተካፋች፣ ሰፊ በር።"

"ሌላውስ?"

"ሌላ ምን ያደርጋል? አንድ ቤት፣ አንድ በር።"

"መውጣት ስፈልግ በሰባት ሰው መሃል ነው የማልፈው ማለት ነው።"

ወንዳፍራሽ ሳቀ። "ታዲያ ሽንት ቤት ስትሄድ ሰላም እያልክ ታልፋለህ!"

"ሰባት ጊዜ?" አለ ኦጁሉ። እሱ አልሳቀም።

"ኑ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ!" ብለው ወይዘሮ አበዛሽ ጠሯቸው። ከስምንቱ አንዱ የሆነው የቢየል እናት ኛዋልም ከገበያ በዚያው መጥታ ትሪው ዙሪያ ቁጭ ብላለች፤ ጉልበቷ ላይ የታጠፈ ፌስታል ይዛለች። ትሪው ላይ የተጠበሰ የባሮ ዓሣ በእንጀራ አለ። ኦጁሉ ከሁሉም ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ወይዘሮ አበዛሽን አሳዘናቸው። ዓሣውን አጥንቱን ለቅመው፣ በእንጀራ ጠቅልለው፣ ተነስተው ሄዱበት።

"የኔ ልጅ! ብቻህን ምን ያስቀምጥሃል?"

"አልፈልግም።"

"እጄን ነው የምትመልሰው? በሞቴ!" እያሉ ከንፈሩ ላይ ገፉበት።

ኦጁሉ ተፋው። ከዚያ ተነስቶ ከገመዱ ወዲያ ሄደና ከጀሪካን ውሃ እየቀዳ አፉን ይጉመጠመጥ ጀመር። የወይዘሮ አበዛሽ እጅ እስከ አንጓው በዘይት እንደወረዛ አየር ላይ ቀረ።

"ጉርሻ ይተፋል እንዴ?" አለ ወንዳፍራሽ። "እናቱን የምታህል ሴት!"

አባንግ ለወንድሟ ይቅርታ ስትጠይቅ ነው የኖረችው፤ ለጎረቤት፣ ለአጎት፣ ለፓስተር። አሁንም ይቅርታው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ዘርአብሩክ የት አለ፣ ወይዘሮ አበዛሽ?"

"ቤት ነዋ።"

"ለምን አላመጡትም? የሱ ቤት አይደለም የሚሠራው?"

"ምን ነካሽ ልጄ፣ ታውቂው የለም እንዴ! ሰው ሲበዛ ይረበ..." አሉና አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ኛዋል ሳቋ አመለጣት፤ በመዳፏ አፏን ያዘች። "እኔም ቢየልን ለዚህ ነው የተውኩት። ሰው ብዙ ነው፣ አይመጣም አልኩ።"

ወይዘሮ አበዛሽ ግን አልሳቁም። "ታዲያ ምን ይሁን? እንደ እስረኛ በየክፍሉ ይቆለፍባቸው?" አሉ በቁጣ። ቁጣው ግን ብዙ አልቆየላቸውም። "አባንግ፣ እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ነገ ብደፋ ያ ልጅ በሩን ዘግቶ ቢቀር ማን ያየዋል? ማን 'በላህ ወይ' ይለዋል? አዳራሽ ከሆነ ከስምንቱ አንዱ እንኳ ያያል ብዬ ነው።"

 አባንግንም አላስተኛ ያላት ይኸው ነበር።

ወንዳፍራሽ አገጩን አከከ። "ለየብቻ ትንንሽ ቤት መሥራት ይቻላል። ግን ግድግዳ ይበዛል። ባለን ዕቃ እስከ ክረምት ሁለት ቤት ብናወጣ ነው። ሁለት ከቆመ ቦታውን ማንም አይነካውም። የቀረው ቀስ እያለ ነው።"

"ሁለት ብቻ?" አሉ ወይዘሮ አበዛሽ። "ለማን ለማን?"

ሦስቱ ሴቶች አንዷ ሌላዋን ላለማየት ማንጎውን ቀና ብለው አዩ። አባንግ በልቧ ትቆጥር ጀመር። ማን ሮጠ? ማን ለመነ? ማን በየቢሮው ተሰደበ? አንዱ የኔ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? ልትናገር አፏን ስትከፍት ከገመዱ ወዲያ የኦጁሉ ድምፅ መጣ።

"ኛዋል፣ ቢየል አሁን የት ነው የሚተኛው?"

"ወንድሜ ቤት፣ ማድቤት ውስጥ።"

"ማድቤት ሰው ይገባል፣ ይወጣል።"

"አዎ። ሌሊት ይነሳል። አይተኛም።"

"እሱ ይቅደም። እኔ በር አለኝ።"

"የምን በር?" አለች አባንግ።

"የቤታችን። ጅማ ስትሄጂ እዚያው እሆናለሁ።"

"ብቻህን?"

"ብቻዬን።" ሌላ ሰው ይህን ቃል ሲል ድምፁ ይወርዳል፤ ኦጁሉ ግን ሽልማት እንደተሰጠው ሰው ነው ያለው።

"ብትታመምስ?"

"እደውላለሁ።"

"ኪራዩስ?"

"ሞባይል የምጠግነው ለጨዋታ መሰለሽ?"

"መቼ ነው ይህን ያሰብከው?"

"ጅማ እሄዳለሁ ያልሽኝ ቀን።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝም። ኮሚቴ አቋቋምሽ።"

ኛዋል ፌስታሏን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ወይዘሮ አበዛሽ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ተነሱ። "ሁለተኛውን ሄጄ ዘርአብሩክን ልጠይቀው።"

"አልፈልግም ካለስ?" አለ ወንዳፍራሽ።

"ቀጣዩን እንጠይቃለን። አንተ የአዳራሹን ገመድ ጠቅልል!" ጥቂት ሄደው ወደ ኦጁሉ ዞሩ። "አንተ ግን፣ ያ ሁሉ አጥንት የለቀምኩበትን..."

"ዓሣው ጥሩ ነበር፤" አለ ኦጁሉ። "እጅሽ ነው ያስጠላኝ።"

"ኧረ ተመስገን!" አሉ፤ ሳቃቸው ከማንጎው እስከ መንገዱ ድረስ ተሰማ።

ኦጁሉ የሚጠገን ስልክ ይጠብቀኛል ብሎ መንገድ ጀመረ። አባንግ ጀርባውን አየች። እናታቸው የተቀበሩ ዕለት በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ ጎረቤት መቆለፊያውን ገንጥሎ ነበር ያስወጣው። ከዚያ ወዲህ የአዲሱ መቆለፊያ ቁልፍ ከእሷ ቦርሳ ወጥቶ አያውቅም፤ እሷ ሥራ ስትውል ቤቱ ሳይቆለፍ ይውላል፣ ጎረቤቱም "እንዴት ነህ?" እያለ ሳያንኳኳ ይገባበታል። ይህን ለእሱ ደግ ነገር አድርጋ ነበር የምታስበው።

"ኦጁሉ!"

ቆመ። ደረሰችበትና ቁልፉን ከቀለበቱ በጥፍሯ ፈልቅቃ አወጣችው። እጅ በእጅ መቀበል እንደማይወድ ታውቃለች፤ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጠችለት። አነሳው፣ ሁለቱንም ገጽ አገላብጦ አየው፣ ኪሱ ከተተው።

"ከውስጥ ነው የምቆልፈው፤" አለ።

"ቆልፈው።"

"ስትመጪ አንኳኪ።"

"አንኳኳለሁ።"

ሄደ። እግሯ ሊከተለው ተነስቶ ነበር፤ እህል አልቀመሰም፣ ፀሐዩ ከሯል፣ ባጃጅም አይዝ። አባንግ ተመልሳ ወንዳፍራሽ ከሚጠቀልለው ገመድ ሌላውን ጫፍ ያዘችለት።