ከቀዩ ችካል ወዲያ

ቦጂያ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ያየውን ፊት ለፊት ይናገራል። እሱን የጎዳው ይሉኝታው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ክሊኒክ ውስጥ በድሬሰርነት ቁስል እያሸገ አገልግሎ ጡረታ ሲወጣ፣ በአምቦ ከተማ አንድም ሰው አስቀይሞ አያውቅም ነበር። ይህ እንደ ምስጋና ይነገርለት ነበር። ወይ ምስጋና!

በ1957 ዓ.ም. መስከረም ላይ ዶክተር ማዕረግ ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር መጣ። ዶክተርነቱ የበሽተኛ አይደለም፣ የሰማይ ነው። ውጭ አገር ስለ ፕላኔቶችና ስለ ጨረቃዎቻቸው ተምሮ የተመለሰ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ነው። ቴርሞሜትር ማንበብ የሚችል፣ ጽሑፉም የሚነበብ ሰው ሲያፈላልግ ቦጂያን ጠቆሙት። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ፍል ውሃ ይዞት ወረደ።

«ይኸውልዎ ኦቦ ቦጂያ» አለው፤ «ይህን የውሃውን ዓይን ፀሐይ ነው ይበሉት። አጠገቡ ያለው ድንጋይ ራቁቱን ነው፣ ያቃጥላል። ራቅ ሲል ይህ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይጀምራል፤ ነፍስ አለው፣ ይኖራል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ውሃው ይቀዘቅዝና አረንጓዴው ይጠፋል። በሰማይም እንዲሁ ነው። ለፀሐይ የቀረበው ፕላኔት ይነዳል፣ የራቀው ይበርዳል፣ መካከሉ ላይ ለኑሮ የሚመች ቀበቶ አለ። እኔ የምፈልገው የዚያን ቀበቶ ጠርዝ ነው። ሦስት ዓመት ሰጥተውኛል፤ አዲስ ነገር ካላገኘሁ ጥናቱ ይዘጋል።»

ከዚያ በውሃው ዳር ችካሎች ደረደረ፤ ውሃው ስልሳ ዲግሪ በሆነበት ቦታ ደግሞ ቀይ የተቀባ ችካል ተከለ። «ከዚህ ወዲያ፣ ወደ ዓይኑ፣ ነፍስ ያለው ነገር የለም። ሊኖርም አይችልም» አለ።

ቦጂያ በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወርዶ በየችካሉ ሙቀቱን ይለካል፣ ያየውን በደብተር ይጽፋል። የመጨረሻው ዓምድ «ከቀዩ ችካል ወዲያ» ይላል፤ እዚያ ላይ «ምንም የለም» ብሎ ይፈርማል። ዶክተሩ በሁለት ወር አንዴ መጥቶ ደብተሩን ያገላብጥና «እንደ እርስዎ ያለ ሰው ከየት ይገኛል!» ሲለው፣ ቦጂያ ሳምንት ሙሉ እግሩ መሬት አይነካም ነበር።

በ1958 በጥምቀት ማግስት ግን ነገር መጣ። ከውሃው ዓይን ሁለት እርምጃ ብቻ ራቅ ብሎ፣ እንፋሎቱ በሚጋረፍበት ቦይ ውስጥ፣ ሮዝ ክር ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይወዛወዛል። መጀመሪያ የታጣቢ ሰው ነጠላ ጥለት የተተረተረ መሰለው። በእንጨት ፋቀና አነሳው። በማግስቱ ቢመጣ እዚያው በቅሏል። በሦስተኛው ቀን ረዝሟል። ቴርሞሜትሩን ቢነክረው ሰባ ስምንት አለ። ሁለተኛ ነከረው፤ ያው ሰባ ስምንት። ጥለት አይበቅልማ!

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለጉዴ ነገራት።

«ታዲያ ጻፈው እንጂ!» አለችው። «ለዚህ አይደል እንዴ የቀጠሩህ?»

«አንቺ ደግሞ! ዶክተሩ የለም ብለዋል እኮ። እሳቸው ባሕር ተሻግረው የተማሩትን እኔ ድሬሰሩ ላርማቸው? ምን ይሉኛል?»

«ማሎ፣ አባ ሌታ!» አለችው በልጃቸው ስም እየለመነችው። «ያየው ዓይንህ ነው እንጂ ትምህርትህ አይደለም።»

ነገሩ ገብቶታል፣ አልገባውም አይባልም። ግን ብዕሩን አንስቶ «ምንም የለም» ብሎ ጻፈ። መጋቢት ላይ ዶክተሩ ሲመጣ ደግሞ እንደ ምንም ደፍሮ «ዶክተር፣ ከችካሉ ወዲያ አንዳንዴ...» ብሎ ጀምሮ ነበር። ማዕረግ ሳቀና «ከቀዩ ወዲያማ እንዳይሉኝ ብቻ! እዚያ ነፍስ ካለ እኔ ዲግሪዬን እመልሳለሁ» አለው። ቦጂያም አብሮ ሳቀ፤ ቃሉን ዋጠ። ክረምት ላይ ጎርፍ ቦዩን ከነድንጋዩ ጠረገው፣ ሮዙም ክር አብሮ ሄደ። እፎይ አለ፣ ሞኝ!

ኅዳር 1960 ላይ ዶክተር ማዕረግ ሳይታሰብ፣ ጢሙ አድጎ፣ አንድ መጽሔት ይዞ መጣ። ፍል ውሃው ዳር ቆሞ ለቦጂያ አስረዳው። አንድ ፈረንጅ በአገሩ ፍል ውሃ፣ ሊፈላ ጥቂት በቀረው ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አግኝቷል። ቀበቶው ከታሰበው ይሰፋል ማለት ነው፤ ሙት ናቸው የተባሉ ጨረቃዎች ሁሉ እንደገና ሊመረመሩ ነው። የማዕረግ የሦስት ዓመት ደብተር ግን ከስልሳ በላይ «ምንም የለም» ይላል። ዩኒቨርሲቲው ጥናቱን ሊዘጋበት ነው።

«እውነቱን ይንገሩኝ ኦቦ ቦጂያ። ከቀዩ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ ምንም አላዩም?»

«አይቻለሁ» አለ ቦጂያ። «ሮዝ ክር ነው። በሰባ ስምንት ዲግሪ። በአምሳ ስምንት ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት። ክረምት ላይ ጎርፍ ጠረገው።»

ማዕረግ ድንጋዩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «ከፈረንጁ በፊት! ለምን አልጻፉትም?»

«እርስዎ የለም ስላሉ።»

ከዚያ ማዕረግ ብድግ ብሎ ከመኪናው ደብተሩን አመጣ፣ ጥር አሥራ ሁለትን ገለጠና ብዕር አቀበለው። «ያችን ‹ምንም የለም› ይሰርዙና ያዩትን ይጻፉ። ውሸት አይደለም! ያዩትን ነው ይጻፉ የምልዎ!»

ቦጂያ ብዕሩን ተቀበለ። እውነት ነው፣ አይቷል፤ ቢጽፈው ሰውዬው ይድናል። ግን ክሊኒክ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ያወቀው ነገር አለ፦ ሕመምተኛ ከሞተ በኋላ የትኩሳት ወረቀት አይታረምም። ብዕሩን ደብተሩ ላይ አስቀምጦ መለሰለት።

«አልችልም ዶክተር። ያን ቀን የጻፍኩት ይህንን ነው።»

«እንቢ ነው የምትለኝ?» አለ ማዕረግ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንቱ ሲለው ኖሮ ያኔ አንተ አለው። «ያኔ አንዲት እንቢ ብትለኝ ኖሮ እኮ ዛሬ እኔም አንተም ሰው ነበርን! ዛሬ ነው እንቢ ማለት ያማረህ?»

ሰውዬው ልክ ነው። ላንድሮቨሩ አቧራውን አስነስቶ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ደህና ሁን እንኳ አልተባለም።

ቤቱ ሲደርስ ጉዴ ደጃፍ ላይ ጠበቀችው። «መኪናቸው ሲያልፍ አየሁ። በመጨረሻ ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«እሰይ! እኔ ብዬህ ነበር! ታዲያ ምን አሉ?»

ቦጂያ ፊቷን አየው። ከልቧ ደስ ብሏታል፤ ሊያስከፋት አልደፈረም።

«በጣም ደስ አላቸው» አላት።