ዋስ ነኝ ያለው ሰው

የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ገና ከሩቅ ሲያያቸው በእጁ ወደ ግራ ጠቆመ።

«እማማ፣ የእርዳታ ስንዴ በዚያ በኩል ነው፤ ሰልፉን ይያዙ» አለ፤ ፊቱን እንኳ አላዞረም።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ በዕድሜያቸው ብዙ ነገር ተብለዋል። ምላሳቸው ይቆርጣል ተብለዋል፤ ኩራታቸው ከጓሳ ተራራ ይበልጣል ተብለዋል፤ ባላቸውን በነገር ጨረሱት ተብለዋል። ለማኝ ግን ተብለው አያውቁም። ከጥድ አምባ እስከዚህ ከተማ ውርጩን እየረገጡ የመጡት የሰው ስንዴ ፍለጋ አይደለም።

«ስንዴ ማን ለመነህ?» አሉት። «የእኔ ገብስ አውድማ ላይ እንደተዘረጋ ወፍ እየለቀመው ነው። የሚያነሣውን ሰው የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ። ይልቅ ኃይለመስቀልን ጥራልኝ።»

«አቶ ኃይለመስቀልን? ቀጠሮ አለዎት?»

«ቀጠሮ ያለበት እሱ ነው። ዋሴ ነው።»

ዘበኛው ሳቀ። እሳቸው ሳቁን ለእሱ ትተውለት በጎኑ አልፈው ገቡ። መሣሪያ የያዘ ጎረምሳ ሌላውን ሁሉ ያቆማል፤ አሮጊት በክንዱ ገፍቶ መመለስ ግን ያሳፍረዋል።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ ነው። ማዳበሪያው ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። መንገድ ተዘግቷል ተባለ። በመጨረሻ ሲመጣ ዝናቡ አልፎ፣ ዘሩም ቀጭጮ ነበር። ቀበሌው ሕዝቡን ሰበሰበና «ሳትፈሩ ተናገሩ፤ መንግሥት የሚፈልገው እውነቱን ነው» አለ። የጥድ አምባ ሰው ይህን ሲሰማ አንገቱን ወደ ጋቢው ከተተ። የወይዘሮ ጥሩሸዋ ልጅ ምንተስኖት ግን ሞኝ ነው፤ እውነቱን የሚፈልጉ መሰለው። ብድግ አለ።

«ማዳበሪያ በሰኔ ተብሎ በመስከረም ይመጣል። መዋጮ ሲሆን ግን አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም። መንገዱን የዘጋው ጦርነት ነው ካላችሁ፣ ጦርነቱን እኛ አልጠራነውም። የምንነግራችሁን የማትሰሙ ከሆነ ለምን ትሰበስቡናላችሁ?»

ይህን ብሎ ተቀመጠ። ሰውም አጨበጨበ። ጉዱን ያመጣው ጭብጨባው ነው። ሳይውል ሳያድር ስሙ ከጫካ ሰዎች ጋር ተነሣ። ምንተስኖት ከበሬና ከበግ ሌላ ነድቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ግን ማን ይሰማል? ሳይዙት በፊት ወደ መርሐቤቴ ቆላ፣ አክስቱ ዘንድ ወረደ።

ከመስቀል በኋላ ኃይለመስቀል መጣ። የዚያው ሀገር ልጅ ነው፤ ተምሮ፣ ከተማ ገብቶ፣ ሹም ሆኗል። ቅዳሴ ሲወጣ የማርያም ደጀ ሰላም ላይ ቆሞ «የሸሹ ልጆቻችሁ ይመለሱ፤ ምሕረት ተደርጓል» አለ። ምሕረት የሚሉትን ነገር ያ ሕዝብ ከዚህ በፊትም ሰምቶታል።

ከሴቶቹ መካከል ወይዘሮ ጥሩሸዋ ተነሡ።

«ምሕረቱን ለመንግሥትህ አስቀምጠው። እኛ የምናውቀው ዋስ ነው። ዋሱ ማነው?»

ኃይለመስቀል ዙሪያውን ተመለከተ። የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ ዋሱ፣ እማማ።»

«በማን ፊት?»

«በእመቤታችን ደጅ፣ በእናንተ ፊት። ልጆቹ አንድ ነገር ቢሆኑ እኔን ጠይቁኝ።»

በዚያ አገር ዋስ ማለት ምትክ ማለት ነው። ዋስ የተሆነለት ሰው ቢጠፋ፣ ዋሱ በእሱ ቦታ ይገባል። አያት ቅድመ አያታቸው ከብት ሲሻሻጡ፣ ደም ሲያደርቁ፣ ልጅ ሲድሩ የኖሩት በዚህ ነው። ወረቀት የላቸውም፤ ማኅተም የላቸውም፤ ዋስ ብቻ ነው ያላቸው። ኃይለመስቀል ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም፤ ከተማ አስረሳው እንጂ። ወይዘሮ ጥሩሸዋም ቢሆኑ ሹሙን አላመኑም። ሹም ማመን ካቆሙ ቆይተዋል። ያመኑት ዋሱን ነው። አምነውም ወደ ቆላ «ና» ብለው ላኩበት።

ልጁ መጣ። ገብሱን አጨደ፣ ከመረ፣ አውድማ ለቀለቀ። በሬዎቹ እየዞሩ ሲያበራዩ፣ በጠራራ ፀሐይ መኪና መጣ። የወረዱት ሰዎች መንሹን ከእጁ ተቀበሉት፤ ደግ ነገር ለማድረግ ያሰቡ ይመስል ቀስ ብለው ዳር አስቀመጡት። ከዚያ ልጁን ጭነው ሄዱ። ሚስቱ ወሰንየለሽ መኪናውን እየተከተለች ሮጣ ወንዙ ዳር ወደቀች። በሬዎቹ ማንም «ቁሙ» የሚላቸው አጥተው እስኪመሽ ሲዞሩ ዋሉ።

እንግዲህ ወይዘሮ ጥሩሸዋ አሁን ጸሐፊዋ ፊት የቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፊዋ ሳሌም የምትባል፣ ጥፍሯን ያስጌጠች ልጅ ናት።

«እማማ፣ እንዲህ ያለ ስም እኛ ጋ የለም።»

«ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አለ።»

«የተያዘ ሰው የለም ማለቴ ነው። ምናልባት ተመልሶ ጫካ ገብቶ ይሆናላ።»

«ጫማው አውድማው ዳር ቀርቷል፣ ልጄ። ጫካ የሚገባ ሰው ጫማውን አውልቆ ነው የሚሄደው? የናንተ ጫካ ምንጣፍ አለው?»

ሳሌም ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አልታወቀም።

«አቶ ኃይለመስቀል ዋስ ለመሆናቸው ማስረጃ አለዎት?»

«የጥድ አምባ ሰው በሙሉ ጆሮ አለው።»

ልጅቱ በሩን አየች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ላይ ናቸው። እኔ ነገርኩዎት እንዳይሉ።»

«ምንም አልነገርሽኝም» አሏት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም አንጀታቸው ራራላት።

አዳራሹ ከየቀበሌው በተጠሩ ሽማግሌዎች ተሞልቶ ነበር። ከመድረኩ በላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ፊደል ተጽፎበታል። ወይዘሮ ጥሩሸዋ አጠገባቸው የተቀመጡትን ሽማግሌ ጎሸም አደረጉ።

«ምን ይላል?»

«መተማመናችንን እናጠናክር ይላል።»

«ማን ከማን ጋር?»

ሽማግሌው አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ተንቀጠቀጠ።

ኃይለመስቀል መድረኩ ላይ ነው። ሊቀርጽ ለመጣው የቴሌቪዥን ሰው ብሎ ነጭ ኩታ ለብሷል፤ ጥለቱ ያብረቀርቃል። «አባቶች» ይላል፣ «የቀሩትም ልጆች እንዲመለሱ እናንተ ዋስ ሁኑ። እናንተ ስትናገሩ ሕዝቡ ያምናል። እኛንማ…» ብሎ ሳቅ አለ፤ ማንም አብሮት አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ ወለሉን ያያሉ።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ በመካከሉ መንገድ ወደ መድረኩ ሄዱ። የሚያቆማቸው አልነበረም፤ ጠባቂዎቹ ውኃ ፍለጋ የተነሡ መሰሏቸው። ኃይለመስቀል አያቸው፤ ፊቱ አንድ ጊዜ ጠቆር አለ፤ ግን ሹም ነውና ቶሎ ቀየረው።

«እናቶቻችንም መጥተዋል!» አለና ለካሜራው እንዲመች ዞር ብሎ፣ ወርዶ ትከሻቸውን ለመሳም ጎንበስ አለ።

ጎንበስ ሲል የኩታውን ጫፍ ያዙ። ከነጠላቸው ጫፍ ጋር አገናኙና ቋጠሩት። አንድ ጊዜ አጠበቁት፤ ከዚያ ደግመው ቋጠሩት።

ከኋላ የተቀመጡ ወጣት ሠራተኞች ምርቃት መስሏቸው አጨበጨቡ። ሽማግሌዎቹ ግን ቀጥ አሉ። እነሱ አይተዋል፤ ያላዩትም ከአባታቸው ሰምተዋል፦ በዱሮው ዘመን ባለጉዳይ ባላጋራውን በልብሱ ጫፍ ቋጥሮ እስከ ዳኛ ድረስ ይወስደዋል፤ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። ከዳኛ በቀር ያን ቋጠሮ የሚፈታ የለም።

«ቁራኛ አደረገችው!» አለ አንዱ ሽማግሌ፤ ድምፁ ተሰማ።

አንድ የታጠቀ ጠባቂ ቋጠሮውን ሊፈታ ፈጠን ብሎ መጣ። ያኔ ይሥሐቅ የሚባሉ ዓይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌ በበትራቸው ወለሉን መቱ።

«በሕግ አምላክ!»

ጠባቂው ባለበት ቆመ። እሱም የገበሬ ልጅ ነው፤ ያ ቃል ሲጠራ መቆም እንደሚገባ ገና በልጅነቱ ሰምቶ አድጓል። ሹሙን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ እጁን አወረደ።

ኃይለመስቀል ወደ ጆሯቸው ተጠጋ።

«እማማ፣ ሰው ፊት አያዋርዱኝ። ቢሮ ገብተን እንነጋገር።»

«ዋስ የሆንከው ሰው ፊት ነው። ቢሮ አልነበረም።»

«ያስያዝኩት እኔ አይደለሁም።»

«አላልኩህም። ያስያዘውን ብፈልግ ሌላ በር አንኳኳ ነበር። እኔ የመጣሁት ወደ ዋሱ ነው። ምንተስኖት የት ነው?»

ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፤ በዚያ ብርድ።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ጠይቄ ነበር። ‹አይመለከትህም› አሉኝ። ሁለተኛ እንዳትጠይቅ አሉኝ።»

«ታዲያ የማታውቀውን ቃል ለምን ሰጠኸኝ?»

«ተናገር ተባልኩ። ተናገርኩ።»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከዚያ መሥሪያ ቤት የሰሙት የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር፤ ከውሸቱ ሁሉ ይልቅ የከበዳቸውም እሱ ነው። እስካሁን ድረስ ይህ ሰውዬ ያውቃል ብለው ነበር የመጡት። ያውቃል፣ ይደብቃል፣ ቢያስጨንቁት ይናገራል ብለው። አሁን ግን ከፊታቸው የቆመው ከእሳቸው የባሰ የፈራ ሰው ነው። ይህ ካላወቀ ማን ያውቃል? ልጃቸው ስሙ የሌለበት፣ በሩ የማይታወቅ ቤት ገብቷል። ምናልባትም ቤት አይደለም። ይህን አሰቡና አሳባቸውን እዚያው ላይ አቆሙት።

የኃይለመስቀልን እናት ያውቋታል፤ በአንድ ማኅበር ጠጥተዋል። ፊቱ ሲፈራ ቁርጥ እሷን ነው። ሊያዝኑለት ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ግን ሐዘኔታ ለሱ ቢሰጡት ለምንተስኖት ምን ይቀረዋል?

ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ሰማችሁ ወይ? ያለበትን አላውቅም አለ! ዋስ የሆነለትን ሰው የት እንዳደረሱት ቢጠይቅ አፉን አስይዘው መለሱት! እናንተን ዛሬ ዋስ ሁኑ የሚላችሁ ይህ ነው!»

የቴሌቪዥኑ ሰው ካሜራውን ወደ መሬት አዘነበለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ በሩ ሄዱና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት፤ እዚያው ይዘውት ቆሙ።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። ኩታው ተከተለ፤ ኃይለመስቀልም አንድ እርምጃ ተከተለ።

«ስማኝ» አሉት። «ልጄን አምጣ አልልህም፤ እንደማትችል በአፍህ ነገርከኝ። ግን ዋስ ነህ። ‹አይመለከትህም› ወዳሉህ ሰዎች ደጅ ምራኝ። እዚያ ስንደርስ ‹ዋሱ እኔ ነኝ፤ እኔን አስገቡና ምንተስኖትን አውጡ› ብለህ ጮኸህ ተናገር። ሞቶም ከሆነ ሬሳውን አውጡ ብለህ ተናገር። ይህን እስክትል አልፈታህም። በል፣ ቅደም።»